ድንጋይ ያልገባበት ሳፋ

ነገር ሁሉ የተበላሸው መጋቢት በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ነጩ ሳፋ ወደ ኩሬው ዳር የመጣ ዕለት ነው። ቀኑን አትርሱት። የበደሉት ረስተውታል። የተበደለው ግን ፀሐይዋ የት ላይ እንደነበረች ሳይቀር ያስታውሳል።

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ። በዚህ ተረት ላምም በረትም የለም፤ ያለው ኩሬ ነው። «ኩሬው የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁኝ።

ኩሬው የወይዘሮ ትደነቅያለሽ ነበር። ድሮ፣ ዓሣም ሳፋም ጭቃም እንደ ሰው ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ ወይዘሮ ትደነቅያለሽ የሚባሉ ባለጸጋ በአትክልታቸው መካከል ኩሬ አስቆፈሩ። ዳር ዳሩን በድንጋይ አስከበቡት። ውሃ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ከግቢያቸው በላይ ይወርድ የነበረውን ትንሽ ወንዝ በቦይ ጠልፈው ወደ ኩሬው መለሱት። ኩሬው ሞላ። ወንዙ ደረቀ።

በዚያ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ላሽ የሚባል ዓሣ ይኖር ነበር። ቁመቱ ጣት ያህላል፤ ጀርባው አመድ ይመስላል። አፉ እንደ ሌሎች ዓሦች ከፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ድንጋይ ላይ ልጥፍ ይልና ድንጋዩ ያበቀለውን አረንጓዴ ልጋግ እየላሰ ይበላል። አባቱም ይህንኑ ሲሠራ ኖረ፤ አያቱም ይህንኑ። ወንዙ ሲደርቅ ድንጋይ ላሽ ውሃውን ተከትሎ በቦዩ ወረደና ኩሬው ውስጥ ገባ። ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ይህንንም አትርሱት፤ ቤቱን የወሰደበት ኩሬው ሆኖ ሳለ፣ ማደሪያ ለማኝ የተባለው እሱ ነው።

ገና እንደገባ ጭቃ ከወለሉ ላይ ጠራው።

«አንተ ማነህ?»

«ድንጋይ ላሽ ነኝ፣ የላይኛው ወንዝ ልጅ።»

«ዝቃጩ ተከምሮብኝ መተንፈስ አቅቶኛል። ልታግዘኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትጨምርብኝ?»

«ሥራዬ እኮ እሱ ነው፣ አያ ጭቃ» አለና ያለ አዛዥ ሥራውን ጀመረ።

አንድ ሳምንት ላሰ፤ የላይኛው ዳር ጠራ። ሁለት ሳምንት ላሰ፤ የታችኛው ዳር ጠራ። ሦስት ሳምንት ላሰ፤ ወይዘሮ ትደነቅያለሽ ጎንበስ ብለው የወለሉን ጠጠር አንድ በአንድ አዩት።

«ውሃዬ እንዴት ያምራል» አሉ። ማን እንዳጠራው አልጠየቁም። «እንደዚህ እንደጠራ እንዲኖር ለወለሉ ጠባቂ ይመረጥለት» ብለው ነገሩን ለኩሬው ሽማግሌ ለእመት ኤሊ ሰጡና ወደ ቤታቸው ገቡ።

እመት ኤሊ እንቁራሪትን ጠርታ አዋጅ አስነገረች። እንቁራሪት በድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብላ ጮኸች።

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። የወለል ጠባቂ ይመረጣል። የተመረጠው ከቦዩ አፍ ሥር ያለውን ዋሻ ይወርሳል። ያልተመረጠ የወለል ዓሣ ግን ከኩሬው ይወጣል። ለአንድ ወለል ሁለት ጠባቂ ይበዛል።»

ጊዜው በጋ ነው። በቦዩ የሚወርደው ውሃ ክር አክሏል። ለድንጋይ ላሽ ከኩሬው መውጣት ማለት ደርቆ መሞት ማለት ነበር። ሆኖም አልሰጋም። ጭቃንም፣ «እኔን ካልመረጡ ማንን ይመርጣሉ? የጠራውን ወለል በዓይናቸው እያዩት» አለው። እውነት ለራሷ ትበቃለች ብሎ ያመነ ሞኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝ ብዙ አለ።

ለምርጫው ሦስት ቀረቡ። ባለ ቅርፊቷ ዓሣ ቆሮሶ ቀረበች። ከትልቁ ባሕር በእንስራ ተጭኖ የመጣው ጢማሙ ዓሣ አምባዛ ቀረበ። ድንጋይ ላሽም ቀረበ። ነጩ ሳፋም ከልብስ ማጠቢያው ቤት እየተንከባለለ መጣ።

«በዚህ አገር ዓሣ የሚመረጠው በሳፋ ነው» አለች እመት ኤሊ። «ነጭ ሳፋ ይቀርባል፣ ንጹህ ውሃ ይሞላል፣ ከላይ ይታያል። አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት ነው።»

መጀመሪያ ቆሮሶ ገባች። ጎኗ በፀሐይ አብረቀረቀ። «ቆንጆ ነሽ» አለች ኤሊ፤ «ግን ወለል ትቆፍሪያለሽ። አንቺ ከመካከል ሆነሽ ለጌጥ ኑሪ።» ቆሮሶም ልጆቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ እናት ናትና፣ መኖሪያ ማግኘቷ በቅቷት ወጣች።

ቀጥሎ ድንጋይ ላሽ ገባ። የሳፋው ወለል ያዳልጣል። የሚለጠፍበት የለም፤ የሚላስ የለም። ከላይ ሆነው ቢያዩት የሚታየው አመድ ጀርባ ብቻ ነው። ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ እንደገና ተንሸራተተ።

«እመት ኤሊ» አለ፤ «እባክዎ አንድ ድንጋይ ሳፋው ውስጥ ይግባልኝ።»

«ለምንህ?»

«ሥራዬ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋይ በሌለበት ምን ልሥራ?»

እንቁራሪት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አቤት፣ ሊጋልብ መጣና ፈረስ አምጡልኝ አለ።»

ሳፋውም፣ «እኔ ንጹህ ዕቃ ነኝ፤ ድንጋይ ይፍቀኛል» አለ።

«እሺ፣ ጠጠር ትሁን። ጥፍር የምታህል።»

«ሥርዓቱ አይፈቅድም» አለች ኤሊ።

«እንግዲያውስ ሳፋውን ይተዉትና ወለሉን ይዩ። ጭቃን ይጠይቁት፣ እሱ ይመስክር።»

«ጭቃ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ አይመሰክርም።»

ጭቃ ይህን ሰምቶ ከታች ሆኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ተናገረ። ድምፁ ላይ ሲደርስ ግን አረፋ ብቻ ሆነ። አረፋውም ፈነዳ። እንቁራሪት የታየውን በቃሏ ያዘች፤ «ቀለም የለውም። አፍ የለውም። ክርክር ይወዳል።»

በመጨረሻ አምባዛ ገባ። ሳፋውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ስምንት ጢሞቹ ውሃው ላይ ተዘረጉ።

«ጢሙን እዩልኝ» አለች እንቁራሪት።

«አያ አምባዛ፣ የየት አገር ሰው ነህ?» አለች ኤሊ።

«የትልቁ ባሕር ልጅ ነኝ፣ እመቴ።»

«በየት በኩል?»

«ደንገሉ በሚበዛበት በኩል።»

«አንተ፣ እኔም እኮ የዚያው ነኝ። የማን ልጅ ትሆን?» ተባባሉ፣ ዘመድ ቆጠሩ፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ።

እንቁራሪት ለይስሙላ፣ «ስለ ወለል ምን ታውቃለህ?» አለችው።

«እተኛበታለሁ» አለ አምባዛ።

«ተኝቶ የሚጠብቅ ትዕግሥተኛ ነው» አለች ኤሊ። ምርጫውም በዚሁ አለቀ።

አምባዛ ግን ሰነፍ እንጂ ሞኝ አይደለም። ወለል እንደማያጠራ ያውቃል። ስለዚህ እንደ ቸር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ትንሽ ልጅ አታባርሩብኝ። ረዳቴ ይሁን» አለ። «አይ ርኅራኄ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ላሽ ላሰ፣ አምባዛ ዋሻው ውስጥ ተኛ። ውሃው ጠራ፣ ጢሙ ተመሰገነ።

ሰው ይህን ይችላል። ሥራውን ወስደውበት ስሙን ሲከለክሉት አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ድንጋይ ላሽም ኖረ። የኋለኛው ግን ባሰ።

ቆሮሶ ጠዋት ጠዋት አፏን ከፍታ ልጆቿን ለምግብ ትለቃቸዋለች። ሲመሽ አፏን ከፍታ ትጠራቸዋለች። አንድ ቀን ስትጠራ ግማሾቹ አልመጡም።

«እመት ኤሊ፣ ልጆቼ ጠፉብኝ።»

«ወፍ ወስዷቸው ይሆናል።»

በሌላ ቀን ደግሞ መጣች። «እመት ኤሊ፣ ዛሬም ጠፉብኝ።»

«በቦዩ ወጥተው ይሆናል።»

በሦስተኛው ጊዜ ድንጋይ ላሽ አብሯት መጣ። አይቷል። አምባዛ ዋሻው አፍ ላይ እንጨት መስሎ ተኝቶ፣ ሕፃናቱ ሲጠጉት አፉን ሲከፍት በዓይኑ በብረቱ አይቷል።

«አምባዛ ነው የበላቸው፣ እመቴ።»

ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች። «ይህ ምቀኝነት ነው። ሹመቱ ስላመለጠህ ነው።»

ተመልከቱ። በመጀመሪያ ነጠቁት፤ ቀጥሎ መነጠቁን ምስክርነቱን ላለመቀበል ሰበብ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ እውነት ቢናገር ቂም ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ወንጀል ነው።

አምባዛም ጢሙን እያሸ፣ «እኔ ሰው መክሰስ አልወድም» አለ። «ግን የዚህ ልጅ አፍ የተደበቀ ነው። ከሆዱ ሥር ነው። የተደበቀ አፍ ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል?»

«በምርጫው ቀን አፍ የለውም ብላችሁኝ ነበር» አለ ድንጋይ ላሽ።

«አለመታየቱ ነው እኮ የሚያስፈራው» አለች እንቁራሪት።

ድንጋይ ላሽ ወደ ቆሮሶ ዞረ። «አንቺ ንገሪያቸው። ልጆችሽ ጀርባዬ ላይ ሲጫወቱ አይተሽ የለም? አንድ ቀን ነክቻቸዋለሁ?»

ቆሮሶ አየችው። አፏ በተረፉት ልጆች ሞልቷል፤ አምባዛም አጠገቧ ቆሟል። ብትናገር ልጆቹ ይወጣሉ፤ ቢወጡ አምባዛ ይበላቸዋል። ዝም አለች።

አባረሩት። ክረምት ገብቶ ቦዩ ባይሞላ ኖሮ በዚያው ያበቃለት ነበር። በቦዩ አፍ፣ በአንድ ድንጋይ ሥር ተለጥፎ ኩሬውን ቁልቁል እያየ ከረመ።

ሐምሌ ላይ ወለሉ አረንጓዴ ለበሰ። በሳምንታት ውስጥ ልጋጉ ወደ ላይ ወጣ፤ ውሃውም ሸተተ። ነሐሴ ሲጋመስ ቆሮሶ ላይ ላዩን እየዋኘች አየር ትለምን ጀመር። ወይዘሮ ትደነቅያለሽ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ጠባቂው የት ነው?» አሉ። ጠባቂው በዚያ ዝናባማ ማለዳ ሣሩ ላይ በሆዱ ተስቦ ወደ ጎረቤት ኩሬ እየሄደ ነበር። አምባዛ አየር መሳብ ያውቅበታል፤ አንዱን ኩሬ አበላሽቶ ወደ ሌላው መሻገርም ያውቅበታል። በጎረቤት ኩሬ ጢሙን አይተው በእልልታ እንደተቀበሉት ሰምተናል።

ቆሮሶ እየተንገዳገደች ወደ ቦዩ አፍ መጣች።

«ድንጋይ ላሽ፣ ና።»

«ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«አፌ ሙሉ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሰባት ቀርተውኛል። ብትፈልግ ስደበኝ። ግን ና።»

ድንጋይ ላሽ ሊሰድባት አስቦ ነበር። ለዚህ ቀን ያጠራቀመው ስድብ ነበረው። ግን ከከንፈሯ ጫፍ አንዱ ሕፃን ብቅ ብሎ አየው። ስድቡን ዋጠውና ገባ።

አንድ ሳምንት ላሰ። ሁለት ሳምንት ላሰ። በሦስተኛው ሳምንት፣ አደይ አበባው በኩሬው ዳር ሲፈነዳ፣ ጭቃ ተነፈሰ፤ ሰባቱም ሕፃናት ከእናታቸው አፍ ወጥተው ጠጠሩ መካከል ተሯሯጡ። ወይዘሮ ትደነቅያለሽ ጎንበስ ብለው፣ «ውሃዬ እንዴት ያምራል» አሉ። አሁንም ማን እንዳጠራው አልጠየቁም።

እመት ኤሊ ፀሐይ ከምትሞቅበት ድንጋይ ላይ ሆና ጠራችው። «ልጄ፣ ያለፈው አልፏል። ዋሻውን ውሰድ። ጠባቂነቱንም ውሰድ። ዕርቅ ይሁን።»

«ዋሻው ይቅርብኝ» አለ። «አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። እሱ ይመለስልኝ።»

«የቱ ጥያቄ?»

«የሳፋው።»

እንቁራሪት ጥልቅ ብላ ጠለቀች። ሳፋው፣ «እኔ ዕቃ ነኝ፤ ያስቀመጡብኝን እይዛለሁ» ብሎ ወደ ማጠቢያው ቤት ተንከባለለ። ኤሊ ራሷን ወደ ድንጋይ ቤቷ ከተተች።

የወለል ሠራተኛን ከላይ ሆኖ የመረጠ፣ ልጆቹን ለጢም ይሰጣል። ተረቱ ይህን ያስተምራል። እናንተም አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ተረቱ ገና አላለቀም። ድንጋይ ላሽ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ኤሊ ከምትቀመጥበት ድንጋይ ሥር ይለጠፋል። በፊት እርስዎ ይላት ነበር፤ አሁን ትቶታል።

«ኤሊ፣ እዚያ ውስጥ እንዳለሽ አውቃለሁ። ሹመት አልጠየቅኩሽም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩሽም። አንድ ድንጋይ ሳፋው ውስጥ ብታስገቢልኝ ምን ይጎድልሽ ነበር? አንገትሽን አውጪና መልሺልኝ።»