የተጨበጠ እጅ

ስንዱ፣ «አባባ፣ ነገ ካንሰሩን ሊያወጡልኝ ነው፤ አዲስ ማስታገሻም ይሞክሩብኛል። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ‹አመመኝ› ብል ፈጣሪዬን ማማረር አይሆንብኝም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስሚኝ እንግዲህ። በሕይወቴ እምልልሻለሁ፤ አንዲት ቃል ብዋሽ ከተቀመጥኩበት አልነሣ!

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ሲበዛ ኩሩ። በሬው እግሩን ቢረግጠው በሬውን ይቅርታ የሚጠይቅ። አገሩም እንደ እሱ ነው፤ መብረቅ የመታውን ሰው «እንዴት ነህ?» ብትይው እየጨሰ «ተመስገን» ይልሻል።

ይህ ገበሬ አንጀቱ ላይ ካንሰር ወጣበትና ከተማ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ ሆዱን ሳይዘረግፉ፣ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ገብተው ቆርጠው አወጡለት። ቁስሉ ውስጥም አዲስ መድኃኒት ተዉለት፤ ቀስ እያለ እየተለቀቀ ለቀናት ሕመም ያስታግሳል ተብሎ የታሰበ። ይሥራ አይሥራ ግን ገና አልታወቀም። የሚያውቀው የታመመው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ጠዋት ማታ እየመጣች፣ «አባቴ፣ ምንም ካላመመዎት እጅዎን ይጨብጡ፤ ካመመዎት ግን በሕመሙ ልክ ጣት ይዘርጉልኝ» ትለዋለች።

ሆዱ ውስጥ ሰባት ጅብ ይራኮታል። እሱ ግን ጭብጥ! «ተመስገን ልጄ። ይህን ያህል ደክማችሁልኝ!» ሴት ልጅ ፊት ሊያቃስት ነው? አጠገቡ ተኝተው መድኃኒቱ የሚሞከርባቸውም ያገሩ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ጨብጦ እነሱ ሊዘረጉ ነው? ክፍሉ በሙሉ ጨበጠ። ሐኪሞቹም ደስ አላቸው፤ መድኃኒቱ ሠራ አሉ።

በዓመቱ የገበሬው ታናሽ ወንድም በዚያው በሽታ እዚያው ተኛ። ሠርቷል የተባለውን መድኃኒት አደረጉለት፤ ሌላ ማስታገሻ አልጨመሩም። ሰውየው ከሕመሙ ብዛት መሳልም አየር መሳብም አቃተው፤ ሳንባው ታፈነ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ጩኸቱ የሆስፒታሉን መስታወት አረገፈው። ሐኪሞቹ ሮጠው ደረሱ፤ ግን ረፍዶ ነበር።

ገበሬው ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ሐኪሟ ሄደ። አልተቀመጠም። ሁለት እጆቹን አነሣና ዐሥሩንም ጣቶቹን ዘረጋላት።

«ያኔ፣ እጅዎን ሲጨብጡ?» አለችው።

«ያኔ» አላት። ተያይተው አለቀሱ።

እንግዲህ ስንዱ፣ ነገ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ጨዋነትሽን ሊመዝን መሰለሽ? ለመድኃኒቱ ምስክር ቆጥሮሽ ነው። ከአንቺ በኋላ እዚያ አልጋ ላይ የምትተኛ ሴት አለች፤ እያመመሽ «ተመስገን» ካልሽ በእሷ ላይ በሐሰት መሰከርሽ። ፈጣሪም በሐሰት ተመስግኖ ደስ አይለውም። ጣትሽን ዘርጊ፣ ልጄ።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ጩኸቱን። ቢጮህማ ኖሮ በደረሱለት። ጋቢውን ነክሶ፣ እጁን እንደ ወንድሙ ጨብጦ ነው የሞተው።