የስምንተኛው ፎቅ ሙቀጫ

ወገኖቼ፣ ጸጥ በሉና አንድ ታላቅ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከሩብ፣ በከተማው ውድ በሚባለው ሰፈር፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች።

አበቃ። ወቀጠች፣ ገለበጠች፣ እጇን ታጠበች።

ትስቃላችሁ? ሳቁ። ሕንፃው ግን አልሳቀም። በማግስቱ አሳንሰሩ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ከስምንተኛ ፎቅ የሚሰማው ኋላ ቀር ድምፅ የሕንፃውን ደረጃ ዝቅ ስለሚያደርግ በአስቸኳይ ይቁም።»

ሴትዮዋ ዘርፌ ትባላለች። ማስታወቂያውን ቆማ አነበበችና፣ «ኋላ ቀሩ ሽንኩርቱ ነው ወይስ እኔ?» አለች።

ቤቷ እንዴት ያለ ቤት መሰላችሁ! አራት መኝታ ቤት፣ ሁለት በረንዳ። ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ስንቅ ይዞ መነሳት ነው። ታዲያ ከየት አመጣችው? ባሏ መንገሻ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሱና ሠላሳ አምስት ባልደረቦቹ፣ ሹፌሮችና ትኬት ቆራጮች፣ የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመው መሬቱን ሲመሩ፣ ቦታው ጅብ የሚጮህበት ሜዳ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ፣ «ምን አጠፋን ብላችሁ ነው የምትሰደዱት?» ይላቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። እነሱ ወደ ከተማው አልሄዱም፤ ከተማው ራሱ ኤምባሲውንና ሆቴሉን ይዞ መጣላቸው። መንገሻ ቁልፍ ሊረከብ አንድ ዓመት ሲቀረው ዐረፈ። ቁልፉን ጥቁር ለብሳ የተቀበለችው ዘርፌ ናት።

እንግዲህ ሰው ከፍ ወዳለ ሰፈር ሲገባ ምን ይሆናል? ይረሳል! ትናንት «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ሰው በሰው ላይ ሲጭን የኖረው ትኬት ቆራጩ ልሳነወርቅ፣ ዛሬ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ እንኳ ከረባት ያስራል። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ተከለከለ። በርበሬ ማስጣት ተከለከለ። ደረጃ ላይ ቆሞ ማውራት ተከለከለ። ሁሉም አጨበጨበ።

ዘርፌም አጨበጨበች። ሙቀጫው ላይ ሲደርሱ ግን እጇን ሰበሰበች። በየወሩ መንገሻ ይዘክረው የነበረውን ሚካኤል ትዘክራለች። «ብሌንደር ሽንኩርቱን ውኃ ያደርገዋል፤ የሰውየውን ዝክር በውኃ ላድርገው?» አለች፤ ወቀጠችም።

ሁለተኛ ማስታወቂያ ወጣ። ሦስተኛም ወጣ። አራተኛው ደብዳቤ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል፤ ሁሉም ቤቱ በሚገኝበት ቀን፣ በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት። አጀንዳው አንድ ብቻ፦ «ወይዘሮ ዘርፌ ቤታቸውን አከራይተው ለአኗኗራቸው ወደሚስማማ ሰፈር እንዲሄዱ ስለመወሰን።» ለማስረጃ ሙቀጫው ይቅረብ።

አያችሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀ ቤት በእጅ ብልጫ ሊነጠቅ ነው። ለነጭ ሽንኩርት!

ቅዳሜ ደረሰ። ምድር ቤት አዳራሹ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ፣ በማይክራፎኑና በአበባው መሃል ሙቀጫው ከነዘነዘናው ተቀመጠ። የክብር እንግዳ ይመስል ነበር።

«ወይዘሮ ዘርፌ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ኮሚቴው ሦስት ጊዜ አሳስቦዎታል።»

«ልሳኔ፣ አንተና እኔ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የተባባልነው? ከዚህ ሙቀጫ በወጣው ስንት ጊዜ ጣትህን ልሰሃል?»

ሳቅ ብቅ አለና ታፈነ።

«ስሜት ውስጥ አንግባ። በዚህ ሕንፃ ከእርስዎ በቀር ሙቀጫ ያለው አንድም ሰው የለም። አንድም! አለኝ የሚል እጁን ያውጣ።»

ሠላሳ አምስት ቤት ተቀምጧል። አንድ እጅ አልወጣም። ዘርፌ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። የማን ሠርግ ላይ አልወጠወጠችም? የማን ለቅሶ ላይ አላደረችም? ሁሉም ጫማውን ያያል።

«እንግዲያው ድምፅ እንሰጣለን። ይሂዱ የምትሉ…»

መብራት ጠፋ። ማይክራፎኑ ሞተ። ጄኔሬተሩ አንዴ አስሎ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ከላይ፣ በደረጃው በኩል እየወረደ፦ ዱክ።

ሁሉም ወደ ዘርፌ ዞረ። እጇ ጭኗ ላይ ነው። ሙቀጫዋ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ዱክ፣ ዱክ። ይኼ ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ቀጠለ ከአምስተኛ። ከዚያ ከሁለተኛ፣ ጥድፍ ጥድፍ እያለ። ዋዜማ ነዋ! ዶሮው ተገነጣጥሏል፣ ቀይ ሽንኩርቱ እሳት ላይ ነው፣ ብሌንደሩ ቀጥ ብሏል፤ እቤት የቀሩት ምን ያድርጉ? በየአልጋው ሥር፣ በየቁም ሣጥኑ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ የተደበቀው ሁሉ ወጣ! አሳንሰሩ ቆሟል፤ ሮጦ ወጥቶ «ዝም በሉ» የሚል የለም።

«ጥገና ላይ ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ።

እናንተስ ወገኖቼ? እናንተ ሕንፃ ውስጥ መብራት ቢጠፋ ምን ይሰማል? መሥሪያ ቤት ምሳ ቀርቦላችሁ፣ ማማተብ ፈልጋችሁ፣ ግንባራችሁን የበላችሁ አስመስላችሁ ያከካችሁ የላችሁም? የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ያሳደገቻችሁን እናት «እስኪ ጓዳ አረፍ በይ» ያላችሁ የላችሁም? ያጎረሳችሁን ጠቅልላችሁ አልጋ ሥር ትደብቃላችሁ፤ ወርዳችሁ ደግሞ ባልደበቀው ላይ ልትፈርዱ ትሰበሰባላችሁ። እግዚአብሔር ሊገሥጸን ሲያስብ ሁልጊዜ መብረቅ አይልክም። ማብሪያ ማጥፊያውን ይነካል፤ ይበቃል። ያላፈረች አንዲት ሴት ደግሞ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ታሸንፋለች። ዘርፌ ተከራከረች? አልተከራከረችም። ተቀመጠች እንጂ!

የቀረውንም ስሙ። የደረጃው በር ተከፈተ። ሽርጥ ያሸረጠች፣ እስከ ክርኗ ሽንኩርት የሸተተች ሴት ከሰባተኛ ፎቅ በእግሯ ወርዳ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች። ፀዳለ ናት፤ የሊቀመንበሩ ሚስት።

«ዘርፌ፣ በሞቴ! የኛው ተሰነጠቀብኝ። ይህን የአንቺን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ።»

«ፀዳለ» አለ ልሳነወርቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስብሰባ ላይ እኮ ነን።»

«ታዲያ ነጭ ሽንኩርት በቃለ ጉባኤ ይወቀጣል?»

ዘርፌ ተነሳች። ዘነዘናውን ከነጩ ጨርቅ ላይ አንስታ ፀዳለን አስያዘቻት። «ውሰጂ፣ እቱ። ስትጨርሺ አምጪልኝ። የትም አልሄድም፤ ስምንተኛ ፎቅ ነኝ።»

ፀዳለ ሙቀጫውን ሞከረችው። የወይራ ግንድ ነው፤ አልተነቃነቀላትም። ቀና ብላ ባሏን አየችው። ጉባኤውም አየው።

ሊቀመንበሩ ከረባቱን ወደ ጀርባው ጣለ። ጎንበስ ብሎ ሙቀጫውን ትከሻው ላይ አወጣ፣ በተቀመጡት መሃል አለፈ፣ ደረጃውን አንድ ብሎ ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ፣ ከአዳራሹ የኋላ መደዳ አንዲት ሴት እልል አለች።