በካርዱ ላይ የቀረ ራይት

አንድ ወጣት አባት የሰባት ዓመት ልጁን ምንታምርን በደም ካንሰር አጣ።

ልጅቱ በመጀመሪያው ሕክምና ተሽሏት ነበር። ፀጉሯ በቅሎ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሐኪሙ ግን «ኪኒኑን ሁለት ዓመት እንዳታቋርጡባት» ብሎ ነበር። አባትየው የተሳለውን ጃንጥላ ለቤተ ክርስቲያን ያስገባ ቀን እናቱ፣ «ስለትህ ሰምሮ አሁንም ኪኒን? ሰጪውን መጠራጠር አይሆንብህም?» አሉት። ኪኒኑ ልጅቱን ያስመልሳትም ስለነበር መስጠቱን ተወው። የነፍስ አባቱን ቢጠይቅ «ኪኒኑም የእሱ ነው» ይሉት ነበር፤ አልጠየቀም። ሆስፒታሉ በሰጠው ካርድ ላይ ግን እንደ ሰጣት አድርጎ በየቀኑ ራይት ያደርግ ነበር። በስምንተኛው ወር በሽታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ምንም መድኃኒት አልበገረውም።

ከአርባዋ በኋላ አንዲት ተመራማሪ አስጠራችው። የደም ካንሰር ሴሎች መድኃኒትን ለምን እንደሚቋቋሙ የምታጠና ናት። ከምንታምር የተወሰደው የደም ናሙና እሷ ጋ ነው፤ ካርዱም ፊቷ ተቀምጧል።

«የምንታምር ነገር ግራ አጋብቶናል» አለችው። «አንድም ቀን ሳታቋርጥ ነው የተመለሰባት። ይህንኑ ኪኒን ለሚወስዱ ልጆች ይቀየርላቸው እያልን ነው።»

«ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«እስካሁን ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው ኪኒናቸውን አይንኩባቸው፣ ዶክተር። እኔ ስምንት ወር አልሰጠኋትም።»

ተመራማሪዋ አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ብሰጣት ትድን ነበር?» አላት።

«አላውቅም። ሳያቋርጡ ወስደውም የሚመለስባቸው አሉ። መድኃኒቱ ሲመጣ አድፍጠው የሚያሳልፉ ሴሎች ያሉ ይመስለናል፤ እነሱን ነው የምንፈልገው። ምንታምርን ግን ከእነዚያ ጋር መቁጠር አንችልም።»

«ደሟ ለምንም አልጠቀመም ማለት ነው?»

«ይጠቅማል። እውነቱ አብሮት ከተጻፈ።»

ወዳጄ፣ ስህተት ያልሠራ ወላጅ የለም። የተሸፈነ ስህተት ግን ባለቤቱ ጋ አይቀርም፤ ወደማናውቀው ሰው ልጅ ይሄዳል። አንተስ «ደህና ነን» ብለህ ለሐኪም የደበቅከው ነገር የለም?

አባትየው እስክሪብቶዋን ለመናት። ካርዱን ወደ ራሱ ሳበና የስምንት ወሩን ራይት አንድ በአንድ ሰረዘ።