ጣሪያው ላይ የተረፈችው ቱቦ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምርምር ሕንፃ አርጅቶ ነበር። ኬሚካል የሚቀመምባቸው ሳጥኖች፣ የጭስ መሳቢያዎቹ፣ መርዙን ወደ ውጭ ማስወጣታቸው ቀርቶ መልሰው ተመራማሪው ላይ ይለቁታል። አቤት የሚል ሞልቷል፤ ሰሚ ግን የለም።

እዚያ የምትመራመረው ዶክተር ትርሲት ከመርዙ የያዛት ሳል ሲብስባት ዋናውን በር በሰንሰለት ቆለፈችው። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም እዚህ ገብቶ አይታመምም!» አለች። እድገቷን ከለከሏት፤ ሕንፃው ግን እንዲታደስ ተፈቀደ።

የምን እድሳት! ሥራውን የሚመራው የኮሌጁ ዲን የሚያስበው ስለ ሕንፃው ምረቃ ቀን ብቻ ነው፤ ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ቀለም። ጣሪያው ላይ የቆሙትን የመሳቢያዎቹን የጭስ ማውጫ ቱቦዎች «ለዓይን ያስጠላሉ፣ ርግብም ይገባባቸዋል» ብሎ አስቆረጣቸውና አፋቸውን በሲሚንቶ አስደፈነ። ጉድ እኮ ነው! ሌላው ተመራማሪ ዶክተር ገረመው ሰምቶ እየሮጠ ሲወጣ የቀረችው አንዲት ቱቦ ናት። እላይዋ ላይ ተኛባት። «ሲሚንቶውን በእኔ ላይ አፍስሱት!» አለ። ፎርማኑ ተሳደበ፣ ጥበቃ ጠራ፤ ገረመው ንቅንቅ አላለም። ቱቦዋ ተረፈች።

በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ዘቢደር የምትባል የማስተርስ ተማሪ ከሰዉ መሃል ወጣ ብላ ቁራጭ ወረቀት ለኮሰችና ካዲሶቹ መሳቢያዎች አንዱ ውስጥ አስቀመጠችው። ጭሱ ተመልሶ እንግዶቹን አፈናቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ አንድ እንግዳ እያሳሉ።

«ያስመረቃችሁትን እያሳየኋችሁ ነው።»

የጣሪያው ቱቦዎች እንደገና እንዲተከሉ እዚያው ታዘዘ። ዲኑም ቂሙን በዘቢደር ላይ ተወጣ፤ «ይህ ሴሚስተር ሳያልቅ ምርምርሽን ካልጨረስሽ ትባረሪያለሽ» አላት።

እስኪስተካከል ድረስ ታዲያ የሚሠራው ከተረፈችው ቱቦ ጋር የተያያዘው አንድ መሳቢያ ብቻ ነው። የአንዱ ኬሚካል የሌላውን ሥራ ስለሚያበላሽ ሴሚስተሩን ሙሉ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው።

ትርሲት «ሳንባዬን የከፈልኩበት ነው፤ ሐኪሙም ያለ መሳቢያ እንዳትሠሪ ብሎኛል» ትላለች። ገረመው «የወባ መድኃኒት ምርምር ጀምሬያለሁ፣ ካቋረጥኩት ከንቱ ይቀራል። ደግሞስ ቱቦዋን ማን አተረፋት?» ይላል። ዘቢደር «እኔ ዝም ብል ኖሮ የተደፈነው እንደተደፈነ ይቀር ነበር። አሁን የምባረረው እኔ ነኝ» ትላለች።

ዲኑስ? አዲሱ ቢሮው ውስጥ መስኮቱን ከፍቶ ተቀምጧል። «እርስ በርሳችሁ ተስማሙ» አላቸው። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው!

«ጥፋተኛው ዲኑ ነው» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ፤ እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ይገባል፣ ሁለቱ ደጅ ይቀራሉ። የመሳቢያው ክፍል ቁልፍ በእናንተ እጅ ቢሆን ለማን ትሰጡታላችሁ?