የማሽኑ ጉርሻ

ስንዴ ሲደርስ ይታጨዳል፤ ሲደርቅ ይከመራል፤ ከዚያም ይወቃል። ይህን አስቀድሜ ማስታወቅ ግዴታዬ ነው። ዛሬ በሽምግልናውም በገበያውም የምንተርታት ተረት የመጣችው ከዚሁ ተራ ነገር ነው፤ የሰው ነፍስ ተከፍሎባታል።

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባላምባራስ ይመኑ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ለአካባቢው የመጀመሪያ የሆነውን መውቂያ ማሽን በኪራይ ያስመጡ ዕለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጭ ለብሶ አውድማው ዳር ተሰበሰበ። የፈራ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ሁሉም ራቅ ብሎ መቆም ወደደ።

«እንግዲህ በሬ ጡረታ ወጣ!» አለ የሚስታቸው ወንድም ንጋቱ። «ማበራየትስ ሥራ ነው? ከብት እያዞሩ እበት መጥረግ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዕድሜውን ሲያበራይ የኖረውም ጭምር።

በእኛ ሰፈር የዓመቱን የመጀመሪያ ነዶ አውድማ ላይ የሚጥለው የእህሉ ጌታ ነው፤ ያውም እንደ ክብሩ ለብሶ። አለዚያ በረከት ይርቃል ይባላል። ባላምባራስ ነዷቸውን አቅፈው ሲቀርቡ፣ የማሽኑ ሠራተኛ ሽብሩ ከሞተሩ ወደ መውቂያው የሚሮጠውን ረጅም ቀበቶ፣ ቺንጋ የሚሉትን፣ አሳያቸው።

«ባላምባራስ፣ ጋቢውን ቢያወልቁት።»

«ለምን ሲባል?»

«ቺንጋው እንዳይስብብዎ።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሥር ያለው ሸሚዝ ብጭቅጭቅ ነው። አማቾቼ ፊት ልታራቁተኝ ነው?» ከዚያ ጮክ ብለው፣ «በሉ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ በእጄ ላጉርሰው!»

እልልታው ቀለጠ። ጎንበስ ሲሉ የጋቢያቸው ጫፍ ቺንጋው ላይ አረፈ። ሲስባቸው መጀመሪያ የተቆጡ እንጂ የፈሩ አይመስሉም ነበር።

«ቁም!» አሉት። «ኧረ ቁም! ቁም፣ ቦራ!»

ቦራ በሬያቸው ነው። አውድማው አጠገብ ሲግጥ ነበር፤ ጥሪውን ሰምቶ ቀጥ አለ። ማሽኑ ግን አልቆመም። ሽብሩ ሮጦ ሞተሩን እስኪያጠፋ ባላምባራስ አልፈው ነበር።

ለቅሶው ላይ አንዱ «ዓይን ነው» አለ፤ ሌላው «ቀኑ ነው» አለ። ሽብሩ አንገቱን ደፍቶ፣ «ማሽኑ እንኳ ደህና ነው፤ የቀረውን ልውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ሠልስቱ እንደወጣ የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ ዘነቡ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን አዩ። ጠቁሯል።

«እህሉም ሊበሰብስ ነው» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ንጋቱ ብድግ አለ። ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፤ ቦራን ፈትቶ ወደ አውድማው ነዳው። ከኋላው ያ ሲስቅ የነበረው ጎረቤት ሁሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን በሬ እየነዳ መጣ። ነዶው ተበተነ፤ ከብቶቹ መዞር ጀመሩ፤ በዚያ ዓመት አውድማው ላይ የዘፈነ ሰው አልነበረም።

ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ይህን ሲያዩ የነበሩት ሽማግሌ አባ ቱፋ እንዲህ አሉ፦ «በሬ ጌታውን ያውቃል፤ ብረት የቀረበውን ይነጥቃል።»