ጓንጉል የለወጠው እርሳስ

በእኛ አገር ሰው ነገሩን ሳያጣራ ሲጣደፍ የሚሰነዘርበት አንድ አባባል አለ። በሬውን ጠምዶ ሳያይ የገዛ ይባልበታል፤ ዘር ጎሳ ሳያስጠይቅ ያገባም ይባልበታል። ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ ግን አንዱ ከአደን ነው ይላል፣ ሌላው ከጦር ሜዳ ነው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። አባባሉ የወጣው ከአንድ ድስት የቀለጠ እርሳስ ነው። ታሪኩን የሰማሁት ከተሸናፊው ከጓንጉል የልጅ ልጅ ነው፤ ለአያቱ ሳያዳላ ስለነገረኝ አምኜዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በለሳ ውስጥ፣ ጉልት አምባ በምትባል መንደር ነው። ባሻ ደምሌ የሚባሉ ባለ ውጅግራ ሞቱ። ውጅግራ ያን ጊዜም ያረጀ ጠመንጃ ነበር። ጥይቱ ከገበያ ስለጠፋ ባለቤቶቹ የተተኮሰውን ቀለህ እየሰበሰቡ ባሩድ ይሞሉበታል፤ አረሩንም እርሳስ እያቀለጡ ራሳቸው ያፈሳሉ። ከዚሁ የተነሣ መንደሩ አንድ ልማድ ነበረው። ባለ ጠመንጃ ሲሞት መሣሪያው እንደ መሬት አይከፋፈልም። ከሟቹ የተረፈው እርሳስ ለልጆቹ እኩል ይታደልና እያንዳንዱ የራሱን አረር ራሱ ያፈሳል፤ ከዚያ በአርባው ማግስት በሽማግሌ ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ለዒላማ የተቀመጠውን ቅል የመታ ጠመንጃውን ይወርሳል። አረሩን ማፍሰስ የማይችል ጠመንጃ ምን ያደርግለታል፣ ነው ነገሩ።

ባሻ ደምሌ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ጓንጉል በአገሩ የታወቀ ተኳሽ ነው። ሰርግ ላይ የተሰቀለ ቅል አንገቱን ይቆርጥ ነበር ይባላል። ጠመንጃውን የፈለገው ለትከሻው ነው፤ ገበያ ሲወጣ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው። ታናሿ ይታክቱ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ማሽላዋ ከጫካው ጥግ ስለሆነ አምና ከርከሮ እኩሌታውን አውድሞባታል። ዘንድሮ ከደገማት ልጆቿን ይዛ ሰው ቤት ከመግባት በቀር ሌላ መንገድ የላትም። የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ማማው ላይ አብራ እየወጣች የምትተኩስላቸው እሷ ነበረች። እንደ ወንድሟ ግን አትተኩስም፤ ይህንንም መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

አባትየው የተዉት እርሳስ ጥቁር፣ አፈር የለበሰ፣ መልከ ጥፉ ነበር። ለሁለት ተከፈለ። ይታክቱ ለከርከሮውም ጭምር እንዲበቃት ብላ መንገድ ሠሪዎች ሰፍረውበት ከነበረው ቦታ፣ ከቆሻሻው ክምር ላይ፣ አንድ ስልቻ ስብርባሪ ለቅማ መጣች። የመኪና ባትሪ ቁራጭ አለበት፣ የቧንቧ ጫፍ አለበት። ከሁሉም የሚበዛው ግን የእጅ ባትሪ ድንጋይ ልባስ ነው፤ ወረቀቱ ሲላጥ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። ደጃፏ ዘርግፋ ልትለየው ስትል ጓንጉል ደረሰ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አገኘሽው?»

«ከካምፑ።»

«እንዴ! ለእኔ ጥቀርሻ አስታቅፈሽ አንቺ በመስታወት ልትተኩሺ?»

«አያ፣ ገና አልጫርኩትም» አለችው። «አባባ ሁሉንም በጥፍራቸው ይጭሩ አልነበር? ጥፍር ከያዘው እርሳስ ነው። ካንሸራተተው ሌላ ነገር ነው። ድንጋይ ላይ ጥለውም ያዳምጡታል፤ ከጮኸ አይቀላቅሉትም።»

«አባባ የሚጭሩት ዓይናቸው ስለታወረ ነው። እኔ ዓይን አለኝ።»

«በዓይን አይለይም እኮ።»

«በይ እንለዋወጥ። የእኔን ድርሻ ውሰጂና ስልቻውን ስጪኝ።»

«ሳልለየው?»

«ምርጡን አስቀርተሽ ግርዱን ልትሰጪኝ?» ብሎ ሳቀባት። «አንቺ ቁጭ ብለሽ ጫሪ፣ እኔ ልተኩስ።»

አንዴ ነገረችው፤ ሁለተኛ አልነገረችውም። አንዳንዶች ሲተርኩት እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው ይላሉ። አልለመነችውም። ጓንጉል ሙሉ ሰው ነው፣ ጆሮም አለው። ስልቻውን ሰጠችው፣ ጥቁሩን እርሳስ አንስታ ገባች።

ጥቁሩንም ቢሆን የአባቴ ነው ብላ አላመነችውም። አንድ በአንድ ጫረችው። ሁለት ቁራጭ ጥፍሯን አንሸራተተ፤ ወደ ውጭ ወረወረችው። የቀረውን በደንብ አድርቃ በጭልፋ አቀለጠች፣ ትንሽ ሰም ጣል አደረገችበት፣ አፈሩና ዝገቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ገፈፈችው። ከሥሩ ያለው እንደ ውሃ ጠራ። ስድስት አረር አፈሰሰች፤ ሦስቱን መልካቸው ስላላማራት መልሳ አቀለጠቻቸው።

ጓንጉል ስልቻውን እንዳለ ብረት ድስት ውስጥ ገለበጠው። እርሳሱ ቶሎ ቀለጠ። ነጩ ልባስ ግን አልቀለጠም፤ ከላይ ተንሳፈፈ። ያኔ በጭልፋ ገፎ ቢጥለው ኖሮ ይህ አባባል አይኖርም ነበር። እሱ ግን እሳቱ አነሰው ብሎ ከጎረቤት ወናፍ አስመጣና አናፋበት። በመጨረሻ ልባሱም ቀለጠ፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወፈረ፣ ጓጎለ።

ሚስቱ አጎንብሳ አየችና «ኧረ ይሄ ነገር ገንፎ መሰለ» አለችው።

«ገንፎ ከሆነ ቅቤ አምጪ!»

አረሩ ከቅርጹ ሲወጣ የተጨማደደ፣ ጠርዙ ያልሞላ ሆነ። ጓንጉል በሞረድ አለሰለሰው፣ በጨርቅ ወለወለው። እንደ ብር አበራ። ሚስቱ አንዱን በመዳፏ መዘን አድርጋ ቀለለኝ ብትለው፣ «ቀላል ነገር ይፈጥናል» አላት።

በቀኑ መንደሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ባላምባራስ አስረስ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከባሻ ደምሌ ጋር አድነዋል። መቶ እርምጃ ተለክቶ ኩይሳ ላይ ቅል ተቀመጠ። ጓንጉል ታላቅ ስለሆነ ቀደመ። ተንበረከከ፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ። ከቅሉ በስተግራ አቧራ ተነሣ።

«ነፋስ ነው» አለ።

ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ሁለተኛውን ሲተኩስ ከኩይሳው ጀርባ ካለው ዛፍ ላይ ቁራዎች እየጮሁ ተነሡ።

«ጓንጉል፣ የተቀመጠው ቅል ነው እንጂ ቁራ አይደለም!» አለ ከሰው መሀል አንዱ። ሰው ሳቀ። ሦስተኛው በስተቀኝ አፈር በላ። ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም፤ ጓንጉል ሦስት ጊዜ ሲስት አይተው አያውቁምና።

ይታክቱ ጠመንጃውን ተቀበለች። የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ኩይሳውን ቦረቦረው። ጓንጉል በአፍንጫው ተነፈሰ። ልጆቿ ከአባታቸው እኅት ቀሚስ ሥር ሆነው ያያሉ። ጉልበቷን አመቻቸች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ተኮሰች። ቅሉ ተበታተነ።

«ሦስተኛውስ?» አሏት ባላምባራስ።

«ለከርከሮው ይቀመጥልኝ።»

እልልታው ሳያባራ ጓንጉል ወደ ዳኛው ሮጠ። «ባላምባራስ፣ ይሄ ልክ አይደለም! እጄ ስቶ አያውቅም። ጠመንጃው ላይ የሆነ ነገር አስደርጋበታለች!»

«ጠመንጃው አንድ ነው። እሷም በእሱ ነው የመታችው» አሉት። «የተረፈ አረር አለህ?»

ከኪሱ አንድ አውጥቶ ሰጣቸው። ባላምባራስ ከይታክቱም የተረፈውን ተቀበሉና ሁለቱን በተራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣሏቸው። የእሷ ድፍ ብሎ ቀረ። የእሱ እንደ ቃጭል ጮኸ። ደግሞ አንስተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ገፉት፤ ጥፍራቸው ተንሸራተተ እንጂ ምልክት አልወጣበትም።

«ሳታቀልጠው ጭረኸው ነበር?»

«ያብረቀርቅ ነበር እኮ ባላምባራስ።»

«ያብረቀርቅ ነበር ወይ አላልኩህም።»

ባላምባራስ አስረስ ውጅግራውን አንስተው ለይታክቱ ካስያዙ በኋላ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩና፣ «ሳይጭር ያቀለጠ፣ ሳይተኩስ ሳተ» አሉ።