የጎበጠው መስመር

በወይን አምባ የማንም ሰው የዶማ እጀታ ያለ ምልክት አይገኝም፤ ምልክቱም የሁሉም አንድ ነው። በጋለ ብረት የተተኮሱ ሁለት መስመሮች ናቸው፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው መሃሉ ላይ የጎበጠ። ለምን እንደጎበጠ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ታሪኩን ሳይጨርሱም አይለቁትም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን የላይኛውና የታችኛው መንደር እርሻቸውን የሚያጠጡበትን ቦይ የምታስተዳድረው ዘርፈሽዋል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሴት ብትሆንም «የውሃ አባት» ይሏት ነበር፤ ሹመቱ ሌላ ስም አልነበረውምና። ሹመቷን አጥብቆ የተቃወመው የታችኛው መንደር ሰው ቢረሳው ሲሆን፣ በሸንጎ መሃል «ቀሚስ ለባሽ ውሃ አታካፍለኝም» ብሎ አዋርዷታል።

አንድ ዓመት የአገሩ ገዥ ግራዝማች ደምመላሽ ቦዩን በድንጋይ ገድበው ውሃውን ወደ አትክልታቸው መለሱት፤ ለላይኛው መንደር ጥቂት ለቀቁለት፣ የታችኛውን ግን ጨርሰው አደረቁት። በሳምንቱ ግድቡ ተንዶ፣ አጠገቡም የተሰበረ የዶማ እጀታ ተገኘ። ያኔ እያንዳንዱ አባወራ በእጀታው ላይ የየራሱን ምልክት ይተኩስ ነበርና ግራዝማች «ባለቤቱን ነገ አምጡልኝ፣ እሰቅለዋለሁ። ለሌሎቻችሁ ውሃው እንደ ድሮው ይለቀቅላችኋል» አሉ።

ምልክቱ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ የቢረሳው ነበር። የላይኛው መንደር ሰዎች «በአንድ ሰው ጦስ ለምን እንጠፋለን?» እያሉ አጉረመረሙ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ዘርፈሽዋልም አመንትታለች፤ ስድቡ ገና ከሆዷ አልወጣም ነበር። ግን ዛሬ አንዱን ከሰጡ ከርሞ ቦዩን ሊጠርግ የሚወርድ እንደማይኖር ታያትና ንዴቷ ገነፈለ። የጋለ ብረት ከእሳት አውጥታ በራሷ እጀታ ላይ የቢረሳውን ምልክት ተኮሰች፤ እጇ ስለተንቀጠቀጠ ሁለተኛው መስመር ጎበጠ። ብረቱን ለላይኛው መንደር አለቃ ዘርግታ «እንካ ያዝ! ወይ ተኩስ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ውሃዬ እንዳትል» አለችው። ሰውየው ብረቱን ተቀብሎ ተኮሰ፤ የእሷን እያየ ነበርና የእሱም ጎበጠ። ሌላውም ተከተለ።

በማግስቱ ሰማንያ ዶማ ግራዝማች እግር ሥር ተከመረ። ክምሩን አገላብጠው አገላብጠው «የማን ነው?» አሉ።

«የቦዩ ነው» አለች ዘርፈሽዋል። «ገመድዎ ለሰማንያ ሰው ከበቃ ይጀምሩ። አትክልትዎን የሚያጠጣውን ቦይ ግን ከዚያ በኋላ እርስዎ ይጥረጉት።»

ግራዝማች በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ፣ ግድቡም ዳግመኛ አልተሠራም ይባላል። ቢረሳው እግሯ ላይ ሊወድቅ ቢመጣ «ስድብህን አልረሳሁትም፤ ተነስና ጭቃውን ጥረግ» ብላዋለች።

ዛሬም አዲስ እጀታ የሚተኩስ ሰው ሁለቱንም መስመር አሳምሮ ቀጥ ካደረጋቸው እጀታውን ፍቀው «እንደገና!» ይሉታል። «የጎበጠው ስለፈራች ነው» ይላሉ ሽማግሌዎቹ፣ አብረዋት የነበሩ ይመስል፤ «ሁላችንም ፈርተን ነበር። ሰውዬውን ግን አልሰጠንም።»